ቀድሞ የሚደርሰው ፕሮቲን፦ ስለ ኢንተርፌሮን የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

ኢንፍሉዌንዛ የያዘው ሰው ምን እንደሚሰማው ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ጡንቻና መገጣጠሚያው ይቆረጥመዋል፣ ምግብ ያስጠላዋል፣ ከአልጋ መነሣት ያቅተዋል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ቫይረሱ ነው ብለን እናምናለን። እስቲ አሁን ሌላ ታካሚ አስቡ። ኢንፍሉዌንዛ የለበትም፤ ለጉበቱ ሕመም ሐኪም ያዘዘለትን አንድ ንጹሕ ፕሮቲን በመርፌ ወስዷል። ጥቂት ሰዓታት ሲያልፉ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ አካሉ ይቆረጥመዋል። የሚታመመው ያንኑ ሕመም ነው፤ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ግን በሰውነቱ ውስጥ የለም።

ያ ፕሮቲን ኢንተርፌሮን ይባላል። ቫይረስ ሲገባብን የእያንዳንዳችን ሰውነት የሚሠራው ይህንኑ ነው። አልጋ ላይ የሚጥለን እሱ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም፤ አብረውት የሚነሡ ሌሎች መልእክት አድራሽ ፕሮቲኖችም አሉ። ሆኖም በዚያ የሕመም ስሜት ውስጥ ትልቁ ድርሻ የቫይረሱ ሳይሆን የራሳችን የመከላከል ሥራ መሆኑን ከመጀመሪያው ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። ምክንያቱም ዛሬ ላስረዳችሁ የመጣሁት ነገር በዚህ ላይ የቆመ ነው፤ ኢንተርፌሮን ሰውን የሚያድነውም የሚጎዳውም በምንነቱ ሳይሆን በሚደርስበት ጊዜ ነው።

ስለ በሽታ መከላከል ሲነሣ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሱን ፀረ እንግዳ አካላት፣ ማለትም አንድን የተወሰነ ነገር ለይተው የሚይዙ የደም ፕሮቲኖች ናቸው። ክትባት ሰውነትን እነሱን እንዲያመርት ስለሚያዘጋጀው ስማቸው የታወቀ ነው፤ ክብራቸውም ይገባቸዋል። ነገር ግን ሰውነት ከዚህ ቀደም አይቶት ለማያውቀው ቫይረስ ልክ የሚሆነውን ፀረ እንግዳ አካል በበቂ መጠን ለማምረት አንድ ሳምንትና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል። ቫይረሱ ደግሞ አይጠብቅም። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ የገባበት ሕዋስ በዚያው ቀን አዳዲስ ቫይረሶችን ማስወጣት ይጀምራል፤ እነዚያም አጠገባቸው ያሉትን ሕዋሳት ይይዛሉ፣ እነሱም በተራቸው ያራባሉ። ያንን ሳምንት የሚይዝልን ሌላ ነገር ባይኖር ኖሮ ፀረ እንግዳ አካላቱ የሚደርሱት ጉዳዩ ካበቃለት በኋላ ነበር።

ያንን ሳምንት የሚይዝልን ነገር እንዳለ ሰዎች የጠረጠሩት ስሙን ከማወቃቸው ብዙ ዓመታት ቀድመው ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ተመራማሪዎች አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አዩ፤ በአንድ ቫይረስ የተያዘ እንስሳ ለጊዜው ሌላ ቫይረስ አይዘውም ነበር። የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ቫይረስ የተሰጣቸው ዝንጀሮዎች ቢጫ ወባን ተቋቋሙ። ሁለቱ ቫይረሶች አይዛመዱም፣ ስለዚህ ጉዳዩ በፀረ እንግዳ አካላት ሊገለጥ አይችልም። ታዲያ አንዱ ሌላውን የከለከለው በምን ነበር?

እ.ኤ.አ. በ1954 ያሱኢቺ ናጋኖና ያሱሂኮ ኮጂማ የተባሉ ጃፓናውያን ቫይረስን የሚገታ ነገር ከጥንቸል ሕብረ ሕዋስ ማግኘታቸውን ጻፉ። ጽሑፋቸው በፈረንሳይኛ ታትሞ ብዙም ትኩረት ሳያገኝ ቀረ። እኔ ግን ታሪኩን በተናገርኩ ቁጥር ከእነሱ እጀምራለሁ፤ ቀድመው የደረሱ ናቸውና። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1957፣ ለንደን ሚል ሂል በሚገኘው ብሔራዊ የሕክምና ምርምር ተቋም አሊክ አይዛክስና ከስዊዘርላንድ የመጣው ዣን ሊንደንማን ነገሩን በማያሻማ ሙከራ አሳዩት። በሙቀት የገደሉትን የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ከጫጩት ፅንስ በወሰዱት ስስ ሽፋን ላይ አደረጉ። የሞተ ቫይረስ አይራባም። ሽፋኑ ግን ዝም አላለም፤ ወደ ፈሳሹ አንድ ነገር አስወጣ። ፈሳሹን ወስደው ቫይረስ ነክቶት በማያውቅ ሌላ ሽፋን ላይ ሲያፈሱት ያ አዲሱ ሽፋን ሕያው ቫይረስን ተቋቋመ። በፈሳሹ ውስጥ ለነበረው ነገር ኢንተርፌሮን የሚለውን ስም ሰጡት።

በዚህ ሙከራ ውስጥ ሰው ቶሎ የሚያልፈው አንድ ነገር አለ። የዳነው ፕሮቲኑን የሠራው ሽፋን ሳይሆን ሌላው ነው። የኢንተርፌሮን ጠቅላላ ባሕርይ እዚህ ላይ ይታያል። ቫይረስ የገባበት ሕዋስ ብዙ ጊዜ ለራሱ አይተርፍም። የሚያስወጣው ፕሮቲን የሚጠቅመው ገና ያልተያዙትን ነው። መልእክቱንም በኡኡታ ብንመስለው «ድረሱልኝ» የሚል አይደለም፤ «እኔ ተይዣለሁ፣ እናንተ በራችሁን ዝጉ» የሚል ነው። ለዚህም ነው ኢንተርፌሮንን ቫይረስ ገዳይ ብሎ መጥራት የማልወደው። ቫይረስንና ኢንተርፌሮንን ሕዋስ በሌለበት በአንድ ብልቃጥ ብትቀላቅሏቸው ቫይረሱ ምንም አይሆንም። ሥራውን የሚሠራው የተነገረው ሕዋስ ነው።

ሕዋሱ ቫይረስ መግባቱን በምን ያውቃል? ይህ ጥያቄ ለአሥርተ ዓመታት መልስ ሳያገኝ ቆይቷል፤ መልሱ ሲመጣ ግን እጅግ የሚያምር ሆኖ ተገኘ። ሕዋስ እያንዳንዱን ቫይረስ በመልኩ ለይቶ አያውቅም። የሚያውቀው የራሱ ንብረት የት መቀመጥና ምን መምሰል እንዳለበት ነው። የእኛ ዲኤንኤ የሚገኘው በኒውክለስና ሚቶኮንድሪያ በሚባሉት ክፍሎች ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ዲኤንኤ ከነዚህ ውጭ በሕዋሱ ፈሳሽ ውስጥ ከታየ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። ያንን የሚጠብቀው ሲጋስ የተባለው ፕሮቲን ሲሆን የታወቀው በቅርቡ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ከዲኤንኤ የሚቀዱት የእኛ አርኤንኤ መልእክቶች ደግሞ ጫፋቸው ላይ ቆብ አላቸው። ሪግ-አይ የሚባለው ጠባቂ ቆብ የሌለው፣ በጫፉ ላይ ሦስት ፎስፌት የተሸከመ አርኤንኤ ሲያገኝ ይነቃል። ብዙ ቫይረሶች ሲራቡ የሚፈጥሩት ረዥም ጥንድ አርኤንኤም ጤናማ ሕዋስ ውስጥ እምብዛም አይገኝም፤ እሱንም የሚከታተሉ ሌሎች ጠባቂዎች አሉ። ስለዚህ ሕዋሱ ዛሬ የተፈጠረን ቫይረስ እንኳ ሊያውቅ ይችላል፤ ቀድሞ ማየት አያስፈልገውም።

ጠባቂዎቹ ከነቁ በኋላ በሰዓታት ውስጥ የኢንተርፌሮን ጂኖች ይከፈታሉ፣ ፕሮቲኑም ከሕዋሱ ይወጣል። ኢንተርፌሮን ስንል አንድ ፕሮቲን ሳይሆን ቤተሰብ ነው። አልፋና ቤታ የሚገኙበት የመጀመሪያው ዓይነት አለ፤ አልፋ ብቻውን በሰው 13 ጂኖች አሉት። ሁለተኛው ጋማ ሲሆን የሚመረተው በተወሰኑ የመከላከያ ሕዋሳት ነው። ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ2003 የተገኘው ላምዳ ነው፤ ስለ እሱ በኋላ እመለሳለሁ። የመጀመሪያውን ዓይነት የሚቀበለው ተቀባይ ከሞላ ጎደል በሁሉም የሰውነት ሕዋሳት ላይ አለ። ፕሮቲኑ ተቀባዩን ሲነካ መልእክቱ ወደ ኒውክለስ ይተላለፋል፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጂኖችም ሥራ ይጀምራሉ።

እነዚያ ጂኖች ከሚሠሯቸው ፕሮቲኖች ጥቂቶቹን ላስተዋውቃችሁ። አንዳንዶቹ ቫይረሱ ወደ ሕዋሱ ውስጥ ገብቶ ሽፋኑን ከሕዋሱ ሽፋን ጋር እንዳያዋህድ ያግዱታል። ቴተሪን የሚባለው ደግሞ አዲስ ተሠርተው ሊወጡ ያሉ ቫይረሶችን ከሕዋሱ ገጽ ላይ አስሮ ያስቀራቸዋል፤ ኤችአይቪን ከሚያስቸግሩት አንዱ እሱ ነው። ኤምኤክስ የተባለው የኢንፍሉዌንዛን መራባት ይገታል። የኤምኤክስ ታሪክ መነሻም ያው ሊንደንማን ነው፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለኢንፍሉዌንዛ የማይበገር አንድ የአይጥ ዝርያ አግኝቶ ነበር። በኋላ እንደታወቀው አብዛኞቹ የላቦራቶሪ አይጦች ይህ ጂን ተበላሽቶባቸዋል፤ የእሱ አይጦች ግን ጤናማውን ይዘው ቆይተዋል።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስደንቁኝ ግን ፒኬአርና አርኤንኤስ ኤል የሚባሉት ናቸው። ፒኬአር ሲነሣ የሕዋሱን ፕሮቲን የማምረት ሥራ ያቆማል። ቫይረስ የራሱ የፕሮቲን ማምረቻ ስለሌለው የሕዋሱ ሲቆም የእሱም ይቆማል። አርኤንኤስ ኤል ደግሞ የቫይረሱንም የሕዋሱንም አርኤንኤ ይቆራርጣል። ሁለቱም ለሕዋሱ ለራሱ አደገኛ ናቸው፤ በደንብ ከሠሩ ሕዋሱ ሊሞት ይችላል። ታዲያ ኢንተርፌሮን የደረሰው ሕዋስ ሁሉ ለምን አይሞትም? ምክንያቱም ኢንተርፌሮን የሚያደርገው ፕሮቲኖቹ በብዛት ተዘጋጅተው እንዲቀመጡ ብቻ ነው። ሥራ የሚጀምሩት ጥንድ አርኤንኤ በዚያው ሕዋስ ውስጥ ሲገኝ ነው። ማለትም ማስጠንቀቂያው ሕዋሱን ያዘጋጀዋል፣ ከባዱን ዋጋ የሚያስከፍለው ግን ቫይረሱ በእርግጥ ሲገባ ብቻ ነው። ቫይረስ ያልደረሰበት ሕዋስ ቀስ በቀስ ወደ ተለመደ ሥራው ይመለሳል።

ይህ መከላከያ ምን ያህል እንደሚያስጨንቃቸው ከቫይረሶቹ ከራሳቸው መረዳት ይቻላል። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ጠቅላላ የዘር መልእክቱ በ8 ቁራጮች የተከፈለ ወደ 13,500 የሚጠጉ ፊደላት ብቻ ነው፤ የሰው ግን 3 ቢሊዮን ገደማ ነው። በዚያች ጠባብ ቦታ ኤንኤስ1 ለተባለ፣ ዋና ተግባሩ ኢንተርፌሮንን ማፈን ለሆነ ፕሮቲን ስፍራ ሰጥቷል። ተመራማሪዎች ይህን ክፍል ሲያስወግዱበት ቫይረሱ ኢንተርፌሮን በማይሠራባቸው ሕዋሳት ውስጥ ይራባል፣ በሚሠራባቸው ግን ይዳከማል። ኢቦላ ሁለት መንገድ ይዟል፤ ቪፒ35 የተባለው ፕሮቲኑ ጥንድ አርኤንኤውን ከጠባቂዎቹ ይሸፍናል፣ ቪፒ24 የተባለው ደግሞ የኢንተርፌሮን መልእክት ወደ ኒውክለስ እንዳይገባ ያግዳል። ከፈንጣጣ ቤተሰብ የሆነው ቫክሲኒያ ቫይረስ ተቀባይ መሳይ ፕሮቲን እየሠራ ወደ ውጭ ይለቅና ኢንተርፌሮኑን መንገድ ላይ ያስቀረዋል። ሰውን በብርቱ የሚያሳምም ቫይረስ ኢንተርፌሮንን የሚያታልልበት መንገድ ሳይዝ አይመጣም ብል ብዙም አልሳሳትም። ብዙ ጊዜ የሚያተርፈውም ማጥፋት ሳይሆን ማዘግየት ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ። ለእሱ በቂ ነው።

በኮቪድ-19 ዘመን ይህ ነገር ከመጻሕፍት ወጥቶ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ታየ። በ2020 በዣን ሎራን ካዛኖቫ የሚመራ ዓለም አቀፍ ቡድን ሕይወታቸው በአደጋ ላይ የወደቀ 987 የኮቪድ ሕሙማንን ደም መረመረ። ከ101ዱ ደም ውስጥ የመጀመሪያውን ዓይነት ኢንተርፌሮን የሚያመክኑ ፀረ እንግዳ አካላት ተገኙ። የገዛ ሰውነታቸው የገዛ ማስጠንቀቂያቸውን ያጠፋው ነበር። ከ101ዱ 95ቱ ወንዶች ነበሩ። በቀላሉ ታመው ወይም ምንም ሳይሰማቸው ካለፉት 663 ሰዎች ውስጥ ግን አንድም ሰው እነዚህ አልተገኙበትም። ከመያዛቸው በፊት ደማቸው ተቀምጦ የተገኘላቸው ጥቂት ሕሙማን ቀድሞውኑ ፀረ እንግዳ አካላቱ ነበሯቸው፤ ስለዚህ ኮቪድ ያመጣባቸው አይደለም። በቀጣዩ ዓመት በወጣ ጥናት ደግሞ ዕድሜያቸው ከ70 በላይ ከሆኑ ሰዎች ውስጥ 4 በመቶ ያህሉ እንዲህ ያሉ ፀረ እንግዳ አካላትን እንደሚሸከሙ ታየ። በዚያ ወረርሽኝ አረጋውያን ለምን ይበልጥ እንደተጎዱ ሲጠየቅ ይህ ከመልሶቹ አንዱ ነው። እነዚህ ሰዎች አስቀድሞ ምንም ምልክት አልነበራቸውም፤ ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን በሙሉ ጤነኛ ነበሩ።

ተቃራኒውም አለ። አይካርዲ-ጉቲየር በሚባል የዘር በሽታ የተወለዱ ሕፃናት የራሳቸውን ዲኤንኤ ወይም አርኤንኤ ቁርጥራጭ በአግባቡ አያጸዱም። ጠባቂዎቹ ቫይረስ የገባ መስሏቸው ሳያቋርጡ ኢንተርፌሮን ያስመርታሉ፣ የሕፃኑም አንጎል ይጎዳል። ሐኪሞች መጀመሪያ ሲያዩት በማኅፀን ውስጥ በቫይረስ ከተያዘ ልጅ ጋር የሚመሳሰል ሆኖ አግኝተውት ነበር፤ ቫይረስ ግን የለም። የመከላከል ኃይሉ የገዛ ሰውነቱን በሚያጠቃበት፣ ሉፐስ በተባለው በሽታም ከብዙዎቹ ሕሙማን ደም ውስጥ የኢንተርፌሮን አሻራ ይታያል፣ ተቀባዩን የሚዘጋ መድኃኒትም በ2021 በአሜሪካ ለእነሱ ተፈቅዷል። ስለዚህ «በሽታን የመከላከል ኃይልን የሚያጠነክር» እየተባለ የሚሸጥ ነገር ስታዩ በጥርጣሬ እንድትመለከቱት እለምናችኋለሁ። ሁልጊዜ የነቃ መከላከያ በሽታ ነው።

ወደ መድኃኒትነቱ ልሻገር። ኢንተርፌሮን ለረዥም ጊዜ እጅግ ብርቅ ነበር። ሰውነት የሚያመርተው በኢምንት መጠን ስለሆነ ማጣራቱ አድካሚ ነበር፤ ፊንላንዳዊው ካሪ ካንቴል ለዓመታት ከለጋሾች ደም ነጭ ሕዋሳትን እየሰበሰበ ለዓለም ተመራማሪዎች ያቀርብ ነበር። በ1980 ገደማ በጃፓን ታዳጹጉ ታኒጉቺ፣ በዙሪክ ቻርልስ ቫይስማን ጂኖቹን ለይተው ሲያወጡ ባክቴሪያ እንዲያመርተው ማድረግ ተቻለ። ያኔ ለካንሰር ሁሉ ፈውስ ነው ተብሎ ታላቅ ተስፋ ተጣለበት። ያ ተስፋ በአብዛኛው አልተፈጸመም፤ በ1986 አሜሪካ የፈቀደችው ለአንድ ብርቅ የደም ካንሰር ነበር።

እውነተኛ አገልግሎት የሰጠው ጉበትን በሚያጠቃው በሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ ላይ ነው። ሕሙማኑ ሪባቪሪን ከተባለ እንክብል ጋር በሳምንት አንድ ጊዜ እየተወጉ ብዙዎቹ እስከ 48 ሳምንት ይቆዩ ነበር። ትኩሳቱ፣ ድካሙ፣ የፀጉር መርገፍ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከባድ የመንፈስ ጭንቀት ሳይፈራረቅባቸው የጨረሰ ጥቂት ነው። ለመታከም አስቸጋሪ በሆነው የቫይረሱ ዓይነት የተያዙት የሚድኑት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ዛሬ በአብዛኛው ከ8 እስከ 12 ሳምንት የሚዋጡ እንክብሎች ከ95 በመቶ በላይ ያድናሉ፣ ኢንተርፌሮንም ቦታውን ለቋል። እኔ ይህን እንደ ውድቀት አላየውም። ሥር የሰደደ በሽታ ላይ ማስጠንቀቂያን ለአንድ ዓመት ያህል ማስጮህ ከፕሮቲኑ ተፈጥሮ ውጭ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ በዚያ ዘመን በሺዎች የሚቆጠሩ ጉበቶችን አትርፏል።

አሁን የሁለት ሙከራዎችን ውጤት ጎን ለጎን ላስቀምጥላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በኮቪድ ምክንያት ሆስፒታል ለተኙ ሕሙማን ኢንተርፌሮን ቤታ ሰጥቶ ፈትኖ ነበር፤ ሞትን አልቀነሰም። በብራዚልና በካናዳ የተደረገውና በ2023 የታተመው ሌላ ሙከራ ደግሞ ሕመሙ ከጀመራቸው ሰባት ቀን ላላለፋቸው ተመላላሽ ሕሙማን ኢንተርፌሮን ላምዳን አንድ ጊዜ ብቻ በመርፌ ሰጠ። ሆስፒታል ለመግባት ወይም በድንገተኛ ክፍል ለረዥም ሰዓት ለመቆየት የተገደዱት መድኃኒቱን ካገኙት 2.7 በመቶ፣ ካላገኙት 5.6 በመቶ ሆኑ። በሐቅ ለመናገር በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጊዜ ብቻ አይደለም። የላምዳ ተቀባይ በዋነኛነት የሚገኘው የአየር ቧንቧን፣ አንጀትንና ጉበትን በመሳሰሉት አካላት ሕዋሳት ላይ በመሆኑ መላ ሰውነትን አያናውጥም። ይሁንና ሆስፒታል ሲደርሱ ቫይረሱ ብዙውን ሥራውን ጨርሶ ጉዳቱን የሚያባብሰው የራስ ሰውነት ብግነት ይሆናል፤ በዚያ ሰዓት ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ የሚነግረው አዲስ ነገር የለም።

ከዚህ ተነሥቶ አሁን ሊሠራ የሚችል ነገር አለ፣ ሐኪሞች ለሆናችሁ ታዳሚዎችም በተለይ የምናገረው ይህን ነው። ኢንተርፌሮንን የሚያመክኑት ፀረ እንግዳ አካላት የኮቪድ ጉዳይ ብቻ አይደሉም። በወባ ትንኝ መሰል ትንኞች የሚተላለፈው የዌስት ናይል ቫይረስ አንጎላቸውን ካጠቃባቸው ሰዎች መካከል 40 በመቶ ገደማ በሚሆኑት ተገኝተዋል፤ ከቢጫ ወባ ሕያው ክትባት በኋላ በብርቱ ከታመሙት ጥቂት ሰዎችም አንዳንዶቹ ላይ ታይተዋል። ክትባት በደንብ ወስደው ጥሩ ምላሽ ከሰጡ በኋላ በኮቪድ ሳንባቸው ከተጎዳባቸው ሰዎችም የተወሰኑት ምክንያታቸው ይኸው ነበር። ፀረ እንግዳ አካላቱ ሰው ከመታመሙ ዓመታት በፊት በደም ምርመራ ሊገኙ ይችላሉ። ተሸካሚው ማን እንደሆነ ከታወቀ ሕያው ቫይረስ ያለበት ክትባት ከመሰጠቱ በፊት ሐኪሙ ቆም ብሎ ያስባል፤ ትኩሳት በጀመረው ዕለትም ፀረ ቫይረስ መድኃኒቱን ሳያዘገይ ይሰጠዋል፣ የሰውነቱ የመጀመሪያ ሳምንት ባዶ መሆኑን ያውቃልና።